ከዉድ ግሪን እስከ ኦስተርሊ

ይህን የምጽፈው ሰሚራ ኑሩ የጠየቀችኝን አንድ ጥያቄ በቃል ለመመለስ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ስለዋሸኋት ነው። በጽሑፍ መዋሸት ይከብደኛል፤ ከተረፉኝ ጥቂት መልካም ጠባዮች አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ጥያቄው የቀረበልኝ በአባቷ ለቅሶ በሦስተኛው ቀን፣ ለንደን ኤድመንተን በሚገኘው ጠባብ ሳሎናቸው ውስጥ ነበር። ወንዶቹ ስለ ጋሽ ኑሩ ተራ በተራ ሲናገሩ ሰማሁ። ታታሪ ሠራተኛ እንደነበሩ፣ ሶላት እንደማያሳልፉ፣ ሰው ሲታመም ቀድመው እንደሚደርሱ ተነገረ። ሙዚቀኛ እንደነበሩ የተናገረ ግን አልነበረም፤ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረምና። ሰሚራ የቴምር ሳህን ይዛ እኔ ዘንድ ስትደርስ ጎንበስ አለችና ዝግ ባለ ድምፅ፣

«የዳዲ ሙዚቃ አንተ ጋ ነው አይደል? ‹ሁሉንም ምሁሩ ጋ ሴቭ አድርጌዋለሁ› ብሎኝ ነበር» አለችኝ።

ምሁሩ እኔ ነኝ። «አዎ፣ ፈልጌ እሰጥሻለሁ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደውላለች፤ ሁለቱንም ጊዜ «እየፈለግሁ ነው» ብያታለሁ። እውነተኛው መልስ በአንድ መስመር ያልቃል። ነገር ግን ያንን መስመር ብቻ ብሰጣት፣ አባቷ ምን እንደነበሩ ሳታውቅ ማጣቷን ብቻ ታውቃለች። ስለዚህ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ጋሽ ኑሩን ያወቅኋቸው ሂትሮው አጠገብ፣ ለአውሮፕላን መንገደኞች ምግብ በሚሰናዳበት አንድ መጋዘን ውስጥ ነው። በረድፍ ቆመን ትሪ እንሞላለን፤ አንዱ ዳቦ፣ አንዱ ቅቤ፣ አንዱ ሹካና ማንኪያ ያስቀምጣል። ጋሽ ኑሩ የረድፉ መጨረሻ ላይ ቆመው የተሞሉትን ትሪዎች በረጃጅም ጋሪዎች ውስጥ ይደረድራሉ። ጋሪው ሲሞላ ጎኑን በመዳፋቸው ሁለቴ ይመታሉ፤ ገፊው ይዞት ይሄዳል። የተዛባ ነገር ካዩ አንዴ ይመታሉ፤ ረድፉ በሙሉ ይቆማል። ይህን ሥርዓት ያወጣው አለቃ የለም። ሱፐርቫይዘሩ እንኳ ሳያስተውለው ፖላንዱም፣ ሕንዱም፣ ሶማሌዋም በዚያ ምልክት ይሠሩ ነበር።

ምልክቱ የመጣው ከወሎ ነው። ጋሽ ኑሩ በወጣትነታቸው ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ባቲ በሚመላለስ አውቶቡስ ላይ ረዳት ነበሩ። ከኋላ በር ላይ ተንጠልጥለው የመኪናውን ገላ ሁለቴ ሲመቱ ሾፌሩ ይነሣል፤ አንዴ ሲመቱ ይቆማል። «ሾፌር መሪ ይይዛል እንጂ መኪናውን የሚነዳው ረዳቱ ነው» ይሉ ነበር፤ ሲሉም ከምራቸው ነበር።

አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ የጢማቸውን ጫፍ ሂና የሚቀቡ ሰው ነበሩ። አንድ አውራ ጣታቸው የእኔን ሁለቱን ያህላል። እኔ በበኩሌ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ሙዚቃ አጥንቼ ሳልጨርስ፣ በሌላ የትምህርት ዘርፍ ለንደን የመጣሁ ሰው ነኝ። ስለ ሙዚቃ የሚያወሩ መጻሕፍት ክፍሌን አጣብበውታል። ለስድስት ዓመታት አንድ ሲምፎኒ ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ ይህንንም ለጋሽ ኑሩ የነገርኳቸው በተዋወቅን በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ለማንኛውም ሰው በመጀመሪያው ሳምንት እነግር ነበር። «ምሁሩ» የሚለው ስም በዚያ ቀን ወጣልኝ። እኔም እሳቸውን «እርስዎ» ማለቴን አልተውኩም፤ «ምነው፣ አንተ በለኝ እንጂ! አንቱታውን ለኢማሙ አቆየው» እያሉ ቢቀልዱብኝም። አክብሮት በቂ ርቀት ይሰጠኝ ነበር።

ሁለታችንም የኤድመንተን ነዋሪዎች ስለነበርን ጠዋት ጠዋት አብረን እንሄድ ነበር። በአውቶቡስ ዉድ ግሪን፣ ከዚያም በምድር ውስጥ ባቡር ከተማውን ከሰሜን እስከ ምዕራብ ዳርቻው ሰንጥቀን ሃተን ክሮስ እንወርዳለን። መንገዱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። እኔ መጽሐፌን እገልጣለሁ፤ እሳቸው ስልካቸው ላይ ያጎነብሳሉ። ጌም የሚጫወቱ መስሎኝ በልቤ ንቄአቸው ነበር። አንድ ጠዋት የማዳመጫቸውን አንድ ጆሮ ዘረጉልኝ።

«እስኪ ስማት፤ አንተ የተማርክ ነህ።»

የሰማሁት ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይበልጥም። የባቡሩ በር ሲዘጋ የሚያሰማው ጩኸት፣ መንኮራኩሩ መታጠፊያ ላይ የሚያወጣው ፍጭት፣ ከሥር አንድ ከበሮ፣ ከላይ ደግሞ በአንቺሆዬ ቅኝት የሚያንጎራጉር የክር ድምፅ። ይህ ቅኝት በፒያኖ ቁልፎች ላይ በትክክል እንደማይቀመጥ፣ አንዱ ድምፁ በሁለት ቁልፎች መካከል እንደሚወድቅ አውቃለሁ፤ በጉዳዩ ላይ ሃምሳ ገጽ ያህል ማስታወሻ አለኝ። ጋሽ ኑሩ ማስታወሻ አልነበራቸውም። ጣታቸውን ከአንዱ ቁልፍ ወደ ሌላው አንሸራትተው መሃል ላይ አቁመውት ነበር።

«ይህን ድምፅ እንዴት አገኙት?» አልኳቸው።

«ፈለግሁት፤ እዚያው ነበረ።»

«በጎ ጅምር ነው» አልኳቸው። «ጅምር» የሚለውን ቃል የመረጥኩት አስቤበት ነው። ያ ሙዚቃ ጅምር አልነበረም፤ ያለቀ፣ የተፈጸመ፣ አንድ ነገር ቢጨመርበት የሚበላሽ ሥራ ነበር። ይህን ገና መጀመሪያ ስሰማው አውቄዋለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፌን ገልጬ ገጽ ሳልቀይር የምጓዝባቸው ጠዋቶች በዙ።

ሥራቸው ጥብቅ ሕግ ነበረው። እያንዳንዱ ሙዚቃ በሁለት ጣቢያዎች መካከል ባለው መንገድ ልክ የተሰፋ ነው፤ በሩ ሲዘጋ ይጀምራል፣ ፍሬኑ ሲይዝ ያልቃል፣ ስሙም ባቡሩ የሚደርስበት ጣቢያ ስም ነው። ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ከቆመ እጃቸውን ከስልኩ ላይ ያነሣሉ፤ ሲንቀሳቀስ ይመልሳሉ።

«ለምን ቤትዎ ተረጋግተው አይሠሩም?» ብዬ ጠይቄአቸው ነበር።

«ቤት አይሄድማ!» አሉኝ፤ ይህን አለማወቄ ገርሟቸው።

ከዉድ ግሪን እስከ ሃተን ክሮስ ሃያ ዘጠኝ እንዲህ ያሉ መንገዶች አሉ። ጋሽ ኑሩ ሃያ ዘጠኙንም ሊሞሉ ፈለጉ። ሲፈጸም ሰሚራን ይዘው ከዉድ ግሪን ይሳፈሩና ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሰሟታል፤ እስከዚያ ግን ለእሷ አንዱንም አያሰሟትም። «አባቷ ትሪ ሲደረድር ነው የምታውቀው» አሉኝ አንድ ጊዜ።

ችግሩ ጣታቸው ነበር። «ይቺ ስልክ ጠበበችኝ፤ አንዱን ቁልፍ ስፈልግ ሁለቱን እረግጣለሁ። ታብሌት የሚሉትን ምረጥልኝ፤ አንተ ታነባለህ።»

ሁለት ሳምንት አነበብኩ። ሠላሳ አራት ታብሌቶችን በአሥራ አንድ መመዘኛ የሚያወዳድር ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ አተምኩት፤ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ዉድ ግሪን ወደሚገኝ ያገለገሉ ዕቃዎች መሸጫ ይዤላቸው ሄድኩ። ጋሽ ኑሩ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ በጥንቃቄ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ወዲያ አላዩትም። የራሳቸውን ባለገመድ ማዳመጫ አወጡና ሻጩን አንድ በአንድ እንዲያቀርብላቸው ጠየቁት። የገመድ ቀዳዳ የሌላቸውን መለሷቸው። የቀሩትን የከበሮ አፕ እያስከፈቱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው መታ መታ አደረጓቸው።

«ይቺ ትተኛለች» አሉ የመጀመሪያዋን እየመለሱ። «ይቺም ትተኛለች። ይቺማ ሞታለች።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ስመታት ቆይታ ነው የምትጮኸው። ከእንቅልፏ ነው የምቀሰቅሳት።»

ማዳመጫውን ተቀብዬ ሞከርኩ። ለእኔ ሁሉም እኩል ነበሩ። በሠንጠረዤ ላይ ለዚህ ጉዳይ የተሰጠ ዓምድ አልነበረም።

ስድስተኛዋን ሲመቱ ዓይናቸውን ገለጡ። ጥግዋ የተፋቀ፣ ከመዳፍ እምብዛም የማትበልጥ ነገር ናት። በሥራ ጃኬታቸው የውስጥ ኪስ ከተው አወጧት። ከዚያ በቀኝ እጃቸው የሱቁን መደርደሪያ ቋሚ ጨብጠው፣ በግራቸው እሷን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ።

«ግፋኝ እስኪ።»

«ምን አሉ?»

«ባቡሩ ሲያጋድል ልይ። ግፋኝ!»

ትከሻቸውን ገፋሁ። ተወዛወዙ፤ አውራ ጣታቸው ግን አንድ ምት አልሳተም። ሻጩ በሳቅ ፈረሰ። በሠንጠረዤ ላይ ሠላሳ አንደኛ የወጣችውን መረጡ።

«ጋሽ ኑሩ፣ የዚህች ሜሞሪ እጅግ ትንሽ ነው፤ ቶሎ ይሞላል።»

«ሲሞላ ወደ ኮምፒውተርህ አትገለብጥልኝም?»

«እገለብጥልዎታለሁ።»

«በቃ፣ አብሽር።»

አብሽር ማለት በእሳቸው አገር አይዞህ፣ አታስብ ማለት ነው። በቀን ሃያ ጊዜ ይሉት ነበር።

በማግሥቱ ብቻዬን ወጥቼ በሠንጠረዤ አንደኛ የወጣውን ታብሌት ገዛሁ። ሰፊ ነው፣ ብዕር አለው፣ ገመድ አልባ ማዳመጫም ገዛሁለት። ሰኞ ጠዋት ባቡር ውስጥ ቆሜ አወጣሁት። በአንድ እጅ አይያዝም፤ በሁለት እጅ ስይዘው ክርኔ የሰው ደረት ላይ ያርፋል። ቁልፉን ነካሁ፤ ድምፁ ቆይቶ መጣ። ድጋሚ ነካሁ፤ ቆይቶ መጣ። ትተኛለች ያሉት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ጋሽ ኑሩ አንገታቸውን አዘንብለው ሲመለከቱኝ ቆዩ።

«ምሁሩ፣ ይቺ እኮ ትሪ ናት! ዳቦው የታለ?»

እኔም ሳቅሁ። ታብሌቱ ከዚያ ቀን በኋላ ከክፍሌ ወጥቶ አያውቅም።

ስለ ቅናት ብዙ አንብቤአለሁ፤ ሲደርስብኝ ግን ያነበብኩትን አይመስልም ነበር። ጋሽ ኑሩን አልጠላኋቸውም። የመቀመጫ ቦታ እይዝላቸው ነበር፤ ጉንፋን ሲይዛቸው መድኃኒት ገዝቼላቸዋለሁ። ነገር ግን ማዳመጫውን በዘረጉልኝ ቁጥር፣ ከመስማቴ በፊት፣ ይህ እንኳ ያልተሳካ ይሁን ብዬ እመኝ ነበር። አልሆነም። አንዱን ድምፅ «ከቅኝቱ ወጥቷል» ብዬ አርሜአቸው አውቃለሁ፤ በክርክርም ረታኋቸው። እንዳልወጣ እያወቅሁ ነበር።

«ሲምፎኒህስ ከየት ደረሰች?» ይሉኛል።

«አሥራ ሁለተኛው ባር ላይ ናት።» ባር ጥቂት ምቶች ብቻ የሚይዝ የኖታ ቁራጭ ነው።

«ባለፈው ወርም እዚያው ነበረች። ምነው፣ ጎማ ፈነዳባት?»

ከሃመርስሚዝ እስከ አክተን ታውን ያለው ረጅሙ መንገድ ነው፤ ባቡሩ በርካታ ጣቢያዎችን ሳይቆም ያልፋል። የዚህን መንገድ ሙዚቃ በፈጸሙበት ሳምንት አጠገባቸው የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ጃማይካዊ የጣታቸውን አወራረድ ሲያይ ቆይቶ ምን እንደሚሠሩ ጠየቃቸው። አንድ ጆሮ ሰጡት። ሰውዬው እስከ መጨረሻው አዳምጦ እንዲደግሙለት ለመናቸው።

«መንገዱ አለፈ» አሉት በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው። «ነገ፣ እዚሁ ፉርጎ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግሥቱ ሃመርስሚዝ ላይ በሩ ሲከፈት ሽማግሌው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ፕላትፎርሙ ላይ ቆሞ አየሁት። ለእኔ ሲል በአንድ የታወቀ ፉርጎ በር ላይ የቆመ ሰው በዚህ ምድር ላይ የለም። ያን ቀን መጋዘን ስንደርስ ዳቦና ቅቤ እያቀያየርኩ ሳስቀምጥ ጋሽ ኑሩ ሦስት ጊዜ፣ ሦስቱንም አንድ አንዴ፣ ጋሪውን መትተው ረድፉን አስቆሙት።

ሰሚራ ለምን በኢንተርኔት እንዳላስቀመጧቸው ትጠይቅ ይሆናል። ሞክረው ነበር። አካውንቱ የይለፍ ቃሉን ሲረሱ የልደት ቀናቸውን ጠየቃቸው፤ ጋሽ ኑሩ ግን ሦስት ልደት ነበራቸው። አንዱ እናታቸው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የነገሯቸው፤ ሁለተኛው ካርቱም ሳሉ አንድ ዘመድ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር አስልቶ ሲመልስ በሁለት ዓመት የሳተው፤ ሦስተኛው ጥገኝነት ሲጠይቁ ወረቀታቸው ላይ የተጻፈው ጃንዋሪ አንድ። አካውንቱን ሲከፍቱ የትኛውን እንደጻፉ አላስታወሱም። ሦስቱንም ሞከሩ፤ ተቆለፈ። «ሦስት ጊዜ ተወልጄ አንዱንም አላመነኝም» አሉና ሳቁ። ስለዚህ ሥራቸው ሁሉ ያለው በዚያች ጥግዋ በተፋቀ ታብሌት ላይ ብቻ ነበር። ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው እኔ ነበርኩ።

ኦስተርሊን በፈጸሙ ማግሥት ታብሌቷ አልቀዳም አለች። ሃያ አምስት ሙዚቃ፣ ከነተቀዱት የባቡር ድምፆች፣ ሞልቷት ነበር። አራት ቀርቷቸዋል።

«ሞላች» አሉኝ ዓርብ ዕለት፣ ስጦታ እንደሚያቀብል ሰው እየዘረጉልኝ። «እሁድ ገልብጠህ ሰኞ አምጣልኝ።»

እሁድ ከቀትር በኋላ ታብሌቷን በገመድ ከኮምፒውተሬ ጋር አገናኘሁ። ሃያ አምስቱ ስሞች በስክሪኑ ላይ ወጡ። መገልበጥ ማለት ሁሉንም መርጦ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ከዚያ በፊት አንዱን፣ ኪንግስ ክሮስ የሚለውን፣ ላዳምጥ አልኩ። አዳመጥኩት። በስክሪኑ ሌላ ጥግ «ሲምፎኒ፣ አሥራ ሰባተኛ ረቂቅ» የሚል የራሴ ሰነድ ተከፍቶ ነበር፤ አሥራ ሁለት ባሮች። እነዚያ ሃያ አምስት ሙዚቃዎች በእኔ ኮምፒውተር ውስጥ፣ ከእኔ አሥራ ሁለት ባሮች ጎን፣ ከእንግዲህ ሊኖሩ ነው። ገመዱን ነቀልኩ። የሚቀጥለው እሁድ እገለብጠዋለሁ አልኩ ለራሴ። ይህን ስል እውነት የምለው ይመስለኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ጠበቁኝ።

«ገለበጥክልኝ?»

«አዎ።»

ቃሉ ከአፌ የወጣው ከመጠየቃቸው እኩል ነው፤ አልተኛም።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ልይ አላሉም። አሳየኝ ማለት አላምንህም ማለት እንዳይመስልባቸው ፈርተው እንደሆነ ፊታቸው ላይ አይቻለሁ፤ ለማየት ፈልገው ነበር፤ ይሉኝታ ያዛቸው። እኔም ይህን አውቄ በይሉኝታቸው ሥር ተጠለልኩ።

ዉድ ግሪን ላይ ባቡሩ ውስጥ ገብተን ጎን ለጎን ተቀመጥን። አንድ ጆሮ ለእኔ ሰጡኝ፣ አንዱን አደረጉ።

«እንግዲህ ለቀሩት ቦታ እንዲለቁ አንድ በአንድ እየሸኘን እንሂድ» አሉ።

በሩ ተዘጋ፤ የመጀመሪያው ሙዚቃ ጀመረ። ተርንፓይክ ሌን ስንደርስ ከፍሬኑ ጋር አለቀ። ጣታቸውን ስሙ ላይ ጫን ሲያደርጉ ታብሌቷ በእርግጥ ይጥፋ ወይ ብላ ጠየቀች። «አዎ» የሚለውን ተጫኑ። ከዚያ ጀርባዋን በሁለት ጣት መቷት፤ ሁለቴ። ሂድ።

የሚቀጥለው ላይ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በሩ ተዘጋ፤ ሁለተኛው ጀመረ። ማነር ሃውስ ደረስን፤ ሁለቴ መቱ። አሁን ብናገር ሁለት አጥፍቻለሁ ማለቴ ነው፤ ፊንስበሪ ፓርክ ላይ ሦስት ሆነ፤ መናገር በየጣቢያው ከበደ። ይህ ግን ሰበብ ነው። በጽሑፍ አልዋሽም ብያለሁና ሌላውንም እጽፈዋለሁ። አንድ ሙዚቃ በጠፋ ቁጥር ከሲምፎኒዬ ፊት አንድ ዳኛ ተነሥቶ የወጣ ያህል ይቀለኝ ነበር።

ያም ሆኖ በሕይወቴ ከሰማሁት ሙዚቃ ሁሉ የሚበልጠውን የሰማሁት በዚያ ጠዋት ነው። እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ላይ፣ ከራሱ መታጠፊያ ጋር፣ ሐዲዱ ሲፋጭ ክሩ እየመለሰለት። ከሆልበርን እስከ ከቨንት ጋርደን ያለው አጭሩ ሙዚቃ ጀመረ ሲባል የሚያልቅ ሳቅ ነበር። ባሮንስ ኮርት ልንደርስ ባቡሩ ከምድር ውስጥ ሲወጣና ብርሃን ሲገባ፣ ከበሮው ዝም ይልና ክሩ ብቻውን ይቀራል። ይህን የሚያውቅ በዓለም ላይ ሁለት ሰው ነበር፤ አንዱ ጣቱን ማጥፊያው ላይ አኑሯል፤ ሌላው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

አንዴ ማንኳኳት ብቻ ይበቃ ነበር። መናገር እንኳ አያስፈልገኝም። የመቀመጫውን ጠርዝ በመዳፌ አንዴ ብመታ ጋሽ ኑሩ፣ ምክንያቱን ሳይጠይቁ፣ እጃቸውን ያነሡ ነበር። አርባ ዓመት የኖሩበት ምልክት ነው።

ከሃመርስሚዝ በኋላ በረጅሙ ሙዚቃ መሃል ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«ምነው እንዲህ አላበህ?»

«ሞቆኝ ነው።»

«አዘንክ እንዴ? አንተ ጋ አሉ አይደል?»

«አሉ።»

«እና አብሽር!» አሉና ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። አክተን ታውን ደረስን። ሁለቴ መቱ።

ኦስተርሊ ላይ የመጨረሻው ጠፋ። በሩ ሲዘጋ አፑን ለቀጣዩ መንገድ ከፍተው፣ ታብሌቷን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዲሱን ድምፅ መቅዳት ጀመሩ። ደስ ብሏቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ አምስት ሳምንት ኖሩ። ሃውንስሎ ኢስትን ፈጸሙ፤ ሃውንስሎ ሴንትራልን ፈጸሙ፤ ሃውንስሎ ዌስትን አጋመሱ። በእነዚያ አምስት ሳምንታት ውስጥ ሊነገርባቸው ይችል የነበሩ ጠዋቶች ነበሩ፤ አልተናገርኩም። አንድ ረቡዕ ፌርማታው ላይ አልመጡም። የሱብሂን ሶላት ሰግደው ጋደም እንዳሉ አለመነሣታቸውን የሰማሁት መጋዘን ከደረስኩ በኋላ ነው። ያን ቀን ጋሪዎቹ ሲሞሉ የሚመታ ስላልነበረ ረድፉ ተዘበራረቀ፤ ሱፐርቫይዘሩ ምን እንደጎደለ ሊገባው አልቻለም። በመጨረሻ ሶማሌዋ ሄዳ ሁለቴ መታች።

ከለቅሶው በኋላ፣ ለመፈለግ ይረዳኛል ብዬ፣ ታብሌቷን ከሰሚራ ተዋስኩ። ለአንድ ዕቃ ጠጋኝ አሳየኋት። የተሰረዘ ነገር አንዳንድ ጊዜ ከሥር እንደሚገኝ፣ በዚህችኛዋ ግን አዲሱ በአሮጌው ቦታ ላይ ስለተጻፈ ምንም እንደሌለ ነገረኝ። የማስታውሳቸውን በኖታ ለመጻፍ ተቀምጬአለሁ። ተምሬበታለሁና እጄ ይሠራል፤ ነገር ግን ጋሽ ኑሩ በሁለት ቁልፎች መካከል ያቆሙት ድምፅ በእኔ አምስት መስመሮች ላይ ማረፊያ የለውም። አንድ ጊዜ ከላይ፣ አንድ ጊዜ ከታች እጽፈውና እሰርዘዋለሁ። አሁንም፣ ይህን ስጽፍ እንኳ፣ እቀናባቸዋለሁ።

ሰሚራ፣ የአባትሽ ሙዚቃ እኔ ጋ የለም። አልገለበጥኩትም። ገልብጬዋለሁ ብዬ በገዛ እጃቸው አስጠፋሁት።

የጠፋው ሃያ አምስት ሙዚቃ ነው።

ሃያ አምስቱንም የሰማ፣ አንድ ሰው።

እሱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያስታውሰው፣ አራት።

በታብሌቷ ላይ የተረፈው፣ ሁለት ተኩል።

አንዴ ማንኳኳት ይቻልባቸው የነበሩ ጣቢያዎች፣ ሃያ አምስት።